ባዶ ወረቀት ላይ የፈረመው ጠበቃ

ጎንደር ውስጥ ስሙ የገነነ አንድ ጠበቃ ነበር። ስሙን አልጠራም፤ ብጠራው ደስ ይለዋል። ከደባርቅም ሆነ ከጃናሞራ ነገር የገጠመው ሰው ሁሉ እሱን ካልያዘ የተረታ ይመስለው ነበር። ያ ሁሉ ባለጉዳይ የሚያደንቀውን ክስ ግን የሚጽፈው እሱ አልነበረም። የምጽፈው እኔ ነበርሁ፤ ደባርቅ ላይ፣ ከአውራጃው ፍርድ ቤት አጥር ፊት ለፊት፣ ዝናብ ሲመጣ የገዛ ድምፄን በማልሰማባት አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ።

ነገሩ የተጀመረው መንገዱ ሲከፋ ነው። በደርግ ዘመን፣ ከዳባት ወዲያ ያለው መንገድ ዛሬ ይከፈታል፣ ነገ ይዘጋል። አንድ ቀን ተኩስ አለ ይባላል፣ ሌላ ቀን ያለ ይለፍ ወረቀት ማንም አያልፍም ይባላል። የጎንደር ጠበቆች ለነፍሳቸው ሳሱ። ባለጉዳዩ ግን አልሳሳም፤ በእግሩም በጭነት መኪናም እየወረደ ደጃቸውን ሞላው። ጠበቃው ደንበኛውን መመለስ አልፈለገም፣ ደባርቅ ድረስ መጥቶ መቆምም አልፈለገም። ስለዚህ ሥራው በአውቶቡስ ይላክልኝ ጀመር።

ሹፌሩ በሳምንት ሁለት ጊዜ በሲባጎ የታሰረ ትልቅ ፖስታ ያወርድልኛል። በውስጡ ስለ እያንዳንዱ ጉዳይ ግማሽ ገጽ የማትሞላ ማስታወሻ አለች። ከእሷ ጋር ባዶ ወረቀቶች አሉ፤ ባዶ ስል ከላይ ነው፣ ከግርጌያቸው የእሱ ፊርማና ቲተር የሚባለው የስም ማኅተሙ አርፎባቸዋል። እኔ ከፊርማው በላይ ያለውን ነጭ ቦታ በጽሕፈት መኪና እሞላና ለመዝገብ ቤት አስገባለሁ። ሰውዬው የፈረመበትን ነገር አያነብም። ከፈረመ በኋላ ነው የሚጻፈው፣ እንዴት አድርጎ ያንብበው?

የእኔ ፈቃድ ማመልከቻ ለመጻፍና በወረዳ ፍርድ ቤት ለመቆም ብቻ ነበር። አንድ ጊዜ ዳባት ላይ ተገናኝተን ሻይ እየጠጣን፣ ጣቱን አፍንጫዬ ሥር ቀስሮ፣ «ስምህ የትም ቦታ እንዳይወጣ! ከወጣ አንተም እንጀራህን ታጣለህ፣ እኔም ጣጣ ውስጥ እገባለሁ» አለኝ። «እሺ ጋሼ» አልሁት። ይህችን «እሺ ጋሼ» ባስታወስሁ ቁጥር ራሴን በጥፊ ማጮል ያምረኛል።

ንጹሕ ነበርሁ አልልም። እንዲያውም እኮራ ነበር። ዳኛው ክሱን አንብቦ ራሱን ሲነቀንቅ፣ ባለጉዳዩ «አይ ጠበቃ! አይ ብዕር!» ሲል፣ እኔ ከኋላ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ደረቴ ይነፋ ነበር። ሰውዬውን እጠላዋለሁ፣ አውቶቡሱ ሲዘገይ ደግሞ መንገድ መንገዱን አያለሁ።

የዚህ አሠራር ክፋቱ አንድ ነው። የሚሰማው እሱ ነው፣ የምጽፈው እኔ ነኝ። ባለጉዳዩ የት ላይ ድምፁ እንደተሰበረ፣ የት ላይ እንደዋሸ፣ ምኑን ደጋግሞ እንደተናገረ እኔ አላየሁም። ያየው ሰውዬ ደግሞ የቤተ ክህነት ትምህርት ቀመስ ስለነበር፣ ባላገሩ የተናገረውን ተራ ቃል እንደ ወረደ ማስተላለፍ ይከብደዋል። «ሞተ» የሚለውን «አረፈ»፣ «በጥቅምት» የሚለውን «በወርኃ ጥቅምት» ሳያደርግ እንቅልፍ አይወስደውም።

አንድ ጥቅምት፣ ዘመነ ዮሐንስ ገና መግባቱ ነው፣ እንዲህ የምትል ማስታወሻ ደረሰችኝ። «ከሳሽ፣ ባልዋ ያረፈባት፣ የጃናሞራ፣ መካነ ብርሃን ነዋሪ። ተከሳሽ፣ የሟች ወንድም። ደባርቅ ከተማ ያለውን የሟች ቤት ተከሳሽ ይዞ አልለቅም ብሏል። ወራሽ፣ አንዲት ሕፃን ሴት ልጅ። ሟች ያረፈው በዘመነ ሉቃስ፣ በወርኃ ኅዳር።»

ፍርድ ቤት ዘመነ ሉቃስን አይቀበልም፣ ዓመተ ምሕረቱን በቁጥር ይፈልጋል። ሉቃስ ደግሞ በየአራት ዓመቱ ይመጣል። የትኛው ሉቃስ ነው? ያለፈው ዓመት ሉቃስ ነበር። ነገር ግን፣ አልሁ ለራሴ፣ ባላገር አምና የሆነን ነገር «በዘመነ ሉቃስ» አይልም፣ «አምና» ይላል። «ሉቃስ» ካለች የፊተኛው ሉቃስ ነው። በዚህ ብልጠቴ ደስ አለኝ፤ የአገሬን ሰው አነጋገር ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም ብዬ። ካለፈው ሉቃስ ሌላ አራት ዓመት ወደ ኋላ ቆጥሬ ቁጥሩን አስቀመጥሁ።

የይርጋው ነገር ትዝ አላለህም ወይ የሚለኝ ሕግ አዋቂ አይጠፋም። ትዝ ብሎኛል። የውርስ ነገር በሦስት ዓመት ውስጥ ካልተጠየቀ መብቱ ይቀራል፤ በእኔ ቁጥር ደግሞ ሰውዬው ከሞተ አምስት ዓመት ሊሞላው ነው። ይህ የጠበቃው ራስ ምታት ነው፣ ጉዳዩን ሲይዝ አንድ ነገር አስቦ ይሆናል ብዬ አለፍሁት። «የትኛው ሉቃስ?» ብሎ አንዲት መስመር ጽፎ መልሱን ለመጠበቅ አራት ቀን ይበቃ ነበር። ጠረጴዛዬ ላይ ዐሥራ አንድ ማስታወሻ ተከምሮ ስለነበር አልጠየቅሁም።

ቀጠሮው ጥር ላይ ዋለ። እኔ ለሌላ ጉዳይ ችሎቱ ውስጥ ከኋላ ተቀምጫለሁ። መዝገቡ ሲጠራ አንዲት ሠላሳ ዓመት የማይሞላት ሴት፣ ልጅ ያዘለች፣ ኩታዋን አደግድጋ ወደ ፊት ወጣች። ያን ጊዜ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ያየኋት። ጠበቃው አልመጣም። መንገዱ አስቸግሮኛል፣ ደንበኛዬ ራስዋ ትቅረብ የሚል ወረቀት ልኮ ነበር።

የባልዋ ወንድም ከወዲያ በኩል ቆሟል፤ ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ የቀበሌ ስብሰባ የሚመራ ይመስላል። መልሱን በጽሑፍ ካስገባ ቆይቷል። ይህ መልስ ጎንደር ጠበቃው ዘንድ ደርሶ እንደነበርና ማንም ሳይከፍተው እንደተቀመጠ ኋላ ነው ያወቅሁት።

«ጓድ ዳኛ፣» አለ ሰውዬው፣ «ከሳሽ ራስዋ በክስዋ እንዳመነችው ወንድሜ ከሞተ አምስት ዓመት አልፎታል። ክሱ በይርጋ ይቀራል። ሁለተኛ ደግሞ፣ ያች ያዘለቻት ልጅ ገና ሁለት ዓመትዋ ነው። ወንድሜ ከሞተ ሦስት ዓመት ገደማ ቆይቶ የተወለደች ልጅ የወንድሜ ወራሽ ልትሆን አትችልም።»

ሰውዬው የገዛ ወንድሙን መቼ እንደቀበረ ያውቃል፤ አምና ኅዳር ላይ መካነ ብርሃን ሄዶ አፈር አልብሶ ተመልሷል። እኔ የሰጠሁትን ቁጥር ይዞ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ ቆመ።

ዳኛው ወጣት ነበር፤ ክፉ ሰው አልነበረም፣ ጥድፊያ ግን ነበረበት። ወደ ሴትዮዋ ዞሮ ክሱ ላይ ያለውን ዓመተ ምሕረት በቁጥር አነበበላትና፣ «ባልሽ የሞተው በዚህ ዓመት ነው?» አላት።

እሷ ዘመንን የምታውቀው በማቴዎስ፣ በማርቆስ፣ በሉቃስ፣ በዮሐንስ ነው። ያ ቁጥር ለእሷ ምንም አይደለም። ጠበቃው ደግሞ ጎንደር ላይ አጥብቆ መክሯት ነበር፣ ዳኛው ምንም ቢጠይቅሽ የተጻፈው ልክ ነው በይ፣ ሌላ እንዳትጨምሪ ብሎ። እጅ ነሳች።

«ጠበቃዬ የጻፉት ልክ ነው፣ ጌታዬ» አለች።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«የተጻፈው ልክ ነው።»

ያን ጊዜ መነሳት ነበረብኝ። ከእሷ እስከ እኔ አራት አግዳሚ ቢሆን ነው። «ጓድ ዳኛ፣ ቁጥሩን ያሳሳትሁት እኔ ነኝ፣ ሰውዬው የሞተው አምና ነው» ማለት ነበረብኝ። አንተ ማነህ ይሉኛል፣ በምን ፈቃድ ጻፍህ ይሉኛል፣ ስንት መዝገብ እንዲህ አድርገሃል ይሉኛል፤ በዚያ ዘመን ደግሞ አንዱ ጥያቄ ሌላውን እየጎተተ የት እንደሚያደርስ አይታወቅም። ፈራሁና ባርኔጣዬን ጭኔ ላይ ይዤ ተቀመጥሁ።

ዳኛው ጥቂት ከጻፈ በኋላ ውሳኔውን አነበበ። ይርጋ የሚለው ቃል አልገባትም፤ ፊትዋ ላይ ምንም አልታየም። «ሕፃኗ ሟች ካረፈ ከረጅም ጊዜ በኋላ የተወለደች መሆኗ በከሳሽ በራስዋ አንደበት ስለተረጋገጠ» የሚለው ላይ ሲደርስ ግን ገባት። ከተቀመጠው ሕዝብ መሐል አንዱ ሳቀ። እሷ ዞር ብላ የሳቀውን ፈለገችው፣ ከዚያ ወደ ዳኛው ተመለሰች።

«ምን አሉኝ ጌታዬ? ልጄን የማን ናት አሉኝ?»

ዳኛው ሌላ መዝገብ ጠራ። ፖሊሱ ክንድዋን ይዞ ሲያወጣት «በቁርባን ያገባሁ ሴት ነኝ! በቁርባን!» እያለች ትጮህ ነበር፣ ልጅቱም ከጀርባዋ ላይ አብራ ታለቅሳለች። እኔ በጓሮ በር ወጥቼ፣ በሰፈር ውስጥ ለውስጥ ዞሬ ቤቴ ገባሁ። በሳምንቱ የደባርቅ ጠላ ቤት ሁሉ ወሬው ይኸው ነበር። አንድ የገበያ ቀን ያለፈበት ወሬ ደግሞ ተራራውን ዞሮ መካነ ብርሃን ለመድረስ ሌላ ሳምንት አይፈጅም።

ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ አውቶቡሱ ያንኑ መዝገብ መልሶ አመጣልኝ። ሴትዮዋ ጎንደር ወርዳ እግሩ ላይ ወድቃለት ነበር። ማስታወሻዋ አጭር ናት። «ይግባኝ አዘጋጅ። ስህተቱን በደንበኛዋ ላይ አድርገው። ያልተማረች ናት፣ ዘመኑን አሳስታ ነገረችኝ በል።»

ፖስታው ውስጥ ከመዝገቡ ጋር አብራ፣ በስህተት መሆን አለበት፣ መጀመሪያ ሲያነጋግራት የሞነጫጨራት ብጣሽ ወረቀት ነበረች። በገዛ እጁ ጽሑፍ እንዲህ ይላል። «ባል ሞተ። አምና፣ የኅዳር ሚካኤል ማግስት። ሳል።»

አምና ብላው ነበር። ሴትዮዋ እንደማንኛውም ያገሯ ሰው «አምና» ብላዋለች። እሱ ይህችን ተራ ቃል ለእኔ ሲገለብጥ «ዘመነ ሉቃስ» ብሎ አሳመራት፣ እኔ ደግሞ ብልጥ ነኝ ብዬ ወደ ኋላ ገፋኋት። በሁለት የተማሩ ሰዎች መሐል የአንዲት ሴት ባል ካለጊዜው ተቀበረ። አሁን ደግሞ አሳሳተችኝ በል ይለኛል! ደሜ ፈላ። ብጣሿን ወረቀት ይዤ ክፍሌ ውስጥ ወዲያና ወዲህ ስል፣ አፌ ላይ የመጣውን ስድብ ሁሉ አወረድሁበት። ግማሹ ለራሴ የሚገባ ስድብ እንደነበር አውቃለሁ።

ከዚያ ተቀምጬ፣ ከግርጌው እሱ የፈረመበትን ባዶ ወረቀት መኪናው ላይ አስገባሁ። እንዲህ ብዬ ጻፍሁ። «እኔ ጠበቃው፣ ደንበኛዬ ባሌ አምና ሞተ ያለችኝን ዘመነ ሉቃስ ብዬ በማስተላለፌ፣ ክሱንም ራሴ ሳላዘጋጅ ደባርቅ ለሚገኝ አንድ ማመልከቻ ጸሐፊ በመስጠቴ፣ እሱም ሳይጠይቅ የፊተኛውን ሉቃስ በመጻፉ፣ በችሎትም ደንበኛዬ የተጻፈው ልክ ነው እንድትል በማዘዜ የደረሰ ስህተት ነው። ደንበኛዬ ምንም ጥፋት የለባትም።» ብጣሿን ወረቀት በማስረጃነት አያያዝሁ። ከግርጌው ያ የተጠማዘዘ ፊርማው ኮርቶ ተቀምጧል። ሳየው አልደብቅም፣ ሳቅሁ።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። «አንድ ማመልከቻ ጸሐፊ» አልሁ እንጂ ስሜን አልጻፍሁም። እሱን ራቁቱን ሳቆመው እኔ ከመጋረጃው ኋላ ቀረሁ።

ሴትዮዋ የተጠጋችው ደባርቅ አንዲት አክስትዋ ቤት ነበር። በሹፌሩ በኩል አስጠርቼ ፖስታውን ሰጠኋት። «ይህን ጠበቃው ቢሮ እንዳታደርሺው። በቀጥታ ከፍተኛ ፍርድ ቤት፣ መዝገብ ቤት አስገቢ። በገዛ እጅሽ» አልኋት።

«እርሰዎ ማን ነዎት ጌታዬ?»

«ጸሐፊ ነኝ።»

«እጅዎን ይባርክልኝ። እግዜር ያክብርልኝ» አለችና፣ ከለከልኋት እንጂ እግሬን ልትስም ጎንበስ ብላ ነበር። ከዚህ በፊትም ከዚያ በኋላም ምርቃት እንዲህ አቃጥሎኝ አያውቅም።

ጎንደር ላይ ወረቀቱ ሲነበብ ጠበቃው አፉን ከፍቶ ቀረ አሉ። አልጻፍሁትም እንዳይል ፊርማው አለ፣ ባዶ ወረቀት ላይ ነው የፈረምሁት እንዳይል ደግሞ ያው የባሰ ነው። ይግባኙ ተፈቀደ፣ ጉዳዩ ወደ ደባርቅ ተመለሰ፤ ያው ወጣት ዳኛ ምስክር ሰምቶ፣ ፊቱ እየቀላ፣ ቤቱን ለልጅቱ ፈረደ። ከጠበቃው በአውቶቡሱ አንዲት የመጨረሻ ፖስታ መጣችልኝ። ውስጥዋ «ከሃዲ» ከሚል ቃል በቀር ምንም አልነበረም። እኔም ቀድጄ ምድጃ ውስጥ ጨመርኋት። እሱን በተመለከተ እስከ ዛሬ ቅንጣት ታህል ጸጸት የለብኝም።

በሰኔ፣ በገበያ ቀን፣ የክፍሌ በር ላይ አንድ ሰው ቆሞ ብርሃኑን ጋረደብኝ። ቀና ስል እሷ ናት። ልጅቱ ዛሬ አልታዘለችም፣ እጅዋን ይዛ ቆማለች። ደባርቅ ላይ የጽሕፈት መኪና ያለው ማመልከቻ ጸሐፊ አንድ ብቻ ነበር፤ ይግባኙ ሲነበብ «አንድ ማመልከቻ ጸሐፊ» ሲባል ሰምታ ነበርና፣ ለመጠየቅ ብዙም አልደከመች።

«አንተ ነህ?» አለችኝ። አንተ አለችኝ።

«እኔ ነኝ።»

«ያን ቀን ስመርቅህ ዝም አልህ።»

«ዝም አልሁ።»

«ችሎት ላይስ ነበርህ?»

መዋሸት እችል ነበር። «ነበርሁ» አልሁ።

ድምፅዋን ሳትጨምር ተናገረች። «ቤቱን መለሱልኝ። ቁልፉ ይኸው። ቤቱ ግን ደባርቅ ነው፣ እኔ የምኖረው መካነ ብርሃን ነው። እዚያ የደረሰው የመጀመሪያው ወሬ ነው። ዳኛው በራስሽ አፍ አረጋግጠሻል አለ፤ እሱ ነው የደረሰው። ቆራቢ ነበርሁ፤ ዛሬ ቅዳሴ ቆሜ ሴቶቹ ከአጠገቤ ፈቀቅ ይላሉ። ልጄን ከልጆቻቸው ጋር አያጫውቷትም። ይግባኝ ብላቸው፣ የጎንደር ዳኛ ብላቸው ማን ይሰማኛል? የእኔን ቃል ማን ያምናል?»

«ለገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ደብዳቤ እጽፍልሻለሁ፣» አልሁ ፈጠን ብዬ፣ «የውሳኔውን ግልባጭ አያይዤ…»

«ወረቀት አልፈልግም!» አለች። «ወረቀት አይደል እንዲህ ያደረገኝ? አንተ ራስህ ና። እሑድ፣ ቅዳሴ ሲወጣ፣ ሕዝቡ ደጀ ሰላሙ ላይ ሲቆም፣ በአፍህ ተናገር። እኔ ነኝ ያሳሳትሁት፣ ባልዋ ሲሞት ልጅቱ ተወልዳ ድክ ድክ ትል ነበር በል። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

ልጅቱ የጽሕፈት መኪናውን ቁልፎች በጣትዋ ትነካካ ነበር። እናትየው እጅዋን ሰብስባ ያዘቻት።

«እመጣለሁ» አልኋት። «ክረምቱ ይውጣ እንጂ እመጣለሁ።»

ከልቤ ነበር ያልሁት። በቡይት ራስ ከፍታ በኩል ወጥቶ መካነ ብርሃን ለመድረስ የሦስት ቀን የእግር መንገድ ነው፤ በክረምት አይሞከርም። ክረምቱ ወጣ። መስከረም ላይ መንገዱ አያስተማምንም ተባለ። ጥቅምት ላይ ይለፍ ወረቀት ጠይቄ፣ ለምን ጉዳይ ሲሉኝ ምን ብዬ እንደምመልስ አጥቼ ተውሁት። ኅዳር ላይ ጉንፋን ያዘኝ። እንዲህ እያልሁ ስቆይ፣ የዚያ አገር ቄስ ለዘመድ ተዝካር ደባርቅ መጡ። ቁጭ ብዬ፣ በሕይወቴ ጽፌ የማላውቀውን ያህል አሳምሬ፣ ጥፋቱ ሁሉ የእኔ መሆኑን የሚናገር ሁለት ገጽ ደብዳቤ ጻፍሁ። በዚህኛው ስሜንም ከግርጌው አደረግሁ። ከቅዳሴ በኋላ በእኔ ፈንታ እንዲያነቡልኝ ለቄሱ ሰጠኋቸው።

ከጥምቀት በኋላ ተመልሰው መጡ። ከተሳለምኋቸው በኋላ «አነበቡልኝ አባ?» አልኋቸው።

«አነበብሁ ልጄ። ጽሑፉስ ያማረ ነበር።»

«ሕዝቡ ምን አለ?»

«ሕዝቡማ፣ ይህን የሚለው ሰው ራሱ የታለ አለኝ።»

«እሷስ?»

ቄሱ መቋሚያቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። «እሷማ አንብቤ ሳልጨርስ ልጅቱን አዝላ ወጣች» አሉኝ።